እሳት ያላለፈ ቅጠል

የደረቀ ኮባ ውሃ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ይኖራል። እንዴት ብዬ ልንገረው? ዝናብ የመታው የሣር ክዳን ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ቆየ ቅቤ ያለ ነገር አለው። ከጥቂት ወራት በፊት የልጅ ልጄ ምሕረት ሶዶ ከተማ በከፈተቻት ትንሽ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ያ ሽታ መጣብኝ። ዞር ስል በባልዲ ኮባ ነክራለች።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አልኳት።

«ፓኬጂንግ ነው አባባ፣ ማሸጊያ። አሁን ሰው ዕቃውን ብቻ አይገዛም። አስተሻሸጉንም ያያል።»

ምሕረት ትንንሽ ማሰሮ ትሠራለች፤ የማር፣ የቅቤ፣ የቅመም። በካርቶን ስታሽግ ቆይታ ካርቶኑ አስጠላት። ኮባውን ሰንጥቃ ማሰሮው ላይ ትጎነጉናለች፣ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ይበተንባታል። ትፈታለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ ኮባውን ትሰድባለች። ሳምንት ያህል አየሁ፣ አየሁና አላስቻለኝም። «አምጪው እስቲ» ብዬ ተቀበልኳት። ጠርዙ ላይ የጠቆረውን ቅጠል ወደ ውስጥ አጠፍኩ፣ የነጣውን በላዩ አሳልፌ በቃጫ ሳብኩት። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሠራው።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። «ይሄን ማን አሳየህ?»

«እናቴ።»

«ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስሰቃይ እያየህ ዝም ትላለህ?»

ማሰሮውን አስቀምጬ ተነስቼ ሄድኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ያልፈለግሁትን አልናገርም። ያን ዕለት ያልነገርኳትን ነው አሁን የምጽፈው። ጽሕፈቴ አያምርም፣ ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። ያላማረው እንዳላማረ ይቅር።

አገራችን ወላይታ ነው፣ ከጉኑኖ ወረድ ብሎ። ሸክላ ሠሪዎች ነን፤ ጭናሻ ይሉናል። ሰው በእንስራችን ውሃ ይቀዳል፣ በድስታችን ወጥ ይሠራል፣ እኛን ግን ከደጅ አያሳልፈንም ነበር። አሁን ቀርቷል ይላሉ። ቀርቶ ከሆነ ጥሩ። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም። ሰው ሁሉ ደጅ ቆሞ ማውራት የሚወድ ይመስለኝ ነበር። እናቴ፣ እኛ እናትን አዬ ነው የምንለው፣ አዬ «በጭቃ እግር የሰው ቤት አይገባም» ትለኝ ነበር። የእኛ እግር ደግሞ ጭቃ ያልነበረበት ቀን የለም። አመንኳት።

ይህ የምጽፈው ነገር የሆነበት ዓመት ክረምቱ የከበደበት ነው። ሸክላ በክረምት ጠላቱ ብዙ ነው፤ አይደርቅም፣ ያልደረቀው እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። አዬ ማሰሮዎቹን ጎጆአችን ውስጥ በምድጃው ዙሪያ ደርድራ ታደርቃቸዋለች፤ ተኝቼ ብገላበጥ እግሬ ማሰሮ ይነካል። እንደምንም ደርቆ፣ ተቃጥሎ፣ ደህና የወጣው ደግሞ ሶዶ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይሰበራል። ቁልቁለቱ ሳሙና ነው። አንድ የገበያ ቀን አዬ ተንሸራትታ ተቀመጠች፤ ከጀርባዋ ያለው ማሰሮ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ስባሪ ሆነ። አልተነሳችም። እዚያው ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ስባሪውን ታየው ጀመር። አንዲት ሴት በአጠገባችን ስታልፍ «ምነው፣ ገበያውን እዚሁ አደረግሽው?» አለቻት። አዬም «ቅናሽ አለ፣ ውሰጂ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ማሰሮ ማልበስ የጀመረችው። መጀመሪያ እንዳይጋጭ ብላ ኮባ ትጠመጥምበት ነበር፤ እሱ አላረካትም። ኮባውን ውሃ አስነክታ በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ከእንሰቱ በውጭ በኩል ያለው ቅጠል ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ከመሐል ያለው ይነጣል። ጥቁሩንና ነጩን እያፈራረቀች በማሰሮው ሆድ ላይ ጎነጎነችው። ሲያልቅ ማሰሮው ጥበብ የለበሰች ሴት መሰለ። ለመያዣ ቃጫ ገመደችለት። ለክዳኑም ትንሽ ቆብ ሠራችለት። ስሙንም ልብስ አለችው። «ልብሱ ደረሰ?» «ልብሱን አምጣ።» እንዲህ ነበር የምንለው።

እኛ እንሰት የለንም፤ ያለችን መሬት ጎጆአችንንና ሸክላ የምናቃጥልበትን ቦታ ብቻ ነው የምትችለው። ኮባው የሚመጣው ከባሎቴ ጓሮ ነበር። ባሎቴ የገበሬ ሚስት ናት፤ ከአዬ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአንድ ምንጭ ውሃ ቀድተዋል። የደረቀውን ኮባ ጠቅልላ በአጥሩ ላይ ትወረውርልናለች። «ውሰጂ አንቺ፣ እዚህ ሆኖ ይበሰብሳል» ትላለች ከወዲያ። «ጓሮሽን ራቁቱን ላስቀረው ነው» ትላለች አዬ ከወዲህ። አጥሩ በመካከላቸው ቆሞ ብዙ ያወራሉ። ሁለቱም አጥሩን የሚወዱት ይመስለኝ ነበር።

የእኔ ሥራ ልብሱን መሰብሰብ ነበር። ከገበያ ስንመለስ መንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ አለ፣ ከሥሩ ቦይ አለ። ገዢዎች እዚያ ሲደርሱ የማሰሮውን ልብስ አውልቀው ይጥሉታል፤ ማሰሮውን ብቻ ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። አንዳንዱ በቢላ ይቆርጠዋል፣ አንዳንዱ ቋጠሮውን ይፈታል። እኔ ቦዩ ውስጥ ገብቼ እለቅማለሁ። ጭቃውን ወንዝ ላይ አጥባለሁ፣ ያልተቆረጠውን ለብቻ አደርጋለሁ።

«አዬ፣ ዛሬም መለሱልን!» እላታለሁ።

«አዎ፣ መለሱልን።»

«እንዳትደክሚ ብለው ነው አይደል? ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

አዬ ሸክሟን ታስተካክላለች። ባዶ ቅርጫት ምኑ ይስተካከላል? «ጥሩ ናቸው» ትለኛለች።

እኔም በልቤ አንደኛውን ሰው ከሌላው አወዳድር ነበር። በቢላ የቆረጠው ችኩል ነው፣ ቋጠሮውን የፈታው ደግ ነው እል ነበር።

ሶዶ ገበያ አጠገብ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ጉራጌ ናቸው፤ ከአገራቸው ወጥተው ጨውና ላምባ ይሸጣሉ። ዝናብ የጣለ ቀን ከሱቃቸው በረንዳ ሥር ተጠለልን። አዬ የያዘችውን የቅቤ ማሰሮ ሲያዩ ከመደርደሪያው ኋላ ወጡ። ማሰሮውን አንስተው አላዩትም፤ አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት።

«ይሄ የእናቴ ቤት ነው የሚሸተው» አሉ። «እኛም አገር ቅቤ በኮባ ነው የሚጠቀለለው። ማነው ያለበሰው?»

«እኔ» አለች አዬ። አማርኛዋ ትንሽ ነበር፤ አንተና እርስዎ አትለይም። «ልብሱን ካልፈለግህ እፈታለሁ።»

«እንዴ! ፈትተሽ ራቁቱን ልትሰጪኝ? ሴትዮ፣ እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ራቁቱን የቆመ ነገር ቤቴ አላስገባም!»

በረንዳው ላይ የተጠለለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ወልዴ ሚስታቸውን ጠርተው ማሰሮውን ከነልብሱ አሳዩአት፣ ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። የውስጡ በር ክፍት ነበር። ከአልጋው በላይ ሚስማር ላይ በቃጫው ሲሰቅሉት አየን።

አዬ ያን ዕለት መንገዱን እንዴት እንደሄደች! ቁልቁለቱ ላይ አልተንሸራተተችም። በየመሐሉ ትቆምና «ከነልብሱ አስገባው» ትላለች። እኔ «አይተናል እኮ» እላታለሁ። ትንሽ ሄዳ ደግሞ «ከአልጋው በላይ» ትላለች። ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንዳስደሰታት አልገባኝም። ቋጠሮውን ሳይፈቱ መውሰዳቸው እንዲያውም ትንሽ ስስት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ባሎቴ ወለደች። ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ የቆየች ናት። ወሬው ሲደርሰን አዬ ጭቃውን ከእጇ ሳትታጠብ ቆማ አጨበጨበች። ለአራሷ የቅቤ ማሰሮ ልትሰጣት ተነሳች። ማሰሮውን በድንጋይ ጠጠር አሽታ አሽታ እንደ መስተዋት አደረገችው። ልብሱን ስትሠራ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሌላ ጊዜ በአንድ ቀን የምትጨርሰውን ትሠራለች፣ ታፈርሳለች። ቅጠሉን እንደ ክር እስኪቀጥን ሰነጠቀችው። ጥቁሩ በነጩ ላይ እንደ እባብ ቆዳ እየተጠማዘዘ እስከ አንገቱ ይወጣል።

አባቴ ብዙ አይናገርም። ጭቃ ይቆፍራል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ይተኛል። ያን ልብስ ሲያይ ግን ተናገረ።

«ማሰሮውን ስጫት፣ ይበቃል። ልብሱን ተዪው።»

«ለምን? ጉራጌው አላስገባውም?»

«ጉራጌው ጉራጌ ነው።»

«ኮባው የማነው?» አለች አዬ። «ከጓሮዋ የወጣ አይደለም? የራሷ ቅጠል ወደ ራሷ ቤት ቢመለስ ምን ይባላል? ይገባል። ታየዋለህ፣ ከነልብሱ ይገባል።»

አባቴ መቆፈሪያውን አንስቶ ወጣ። ይገባል አይገባም የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እኔ አልያዝኩትም። የያዝኩት አዬ ይህን ነገር ከምግብ በላይ እንደፈለገችው ነው።

ዘንቢል ውስጥ አድርጋ እኔን ላከችኝ። እሷ ከባሎቴ ቤት ወዲህ ባለው መታጠፊያ ቆማ ቀረች። «ከነልብሱ ነው በላቸው። እንዳትረሳ» አለችኝ።

ደጃፉ ላይ የባሎቴ አማት ወጣች። በምርኩዝ የምትሄድ አሮጊት ናት፣ ክፉ ፊት የላትም። ማሰሮውን ስታይ በምላሷ ጠቅ ጠቅ አደረገች። «የዚች ሴት እጅ! እጇ ይባረክ! ይሄስ ለንጉሥ ነው» አለች። ከዚያ ከወገቧ ቢላ አውጥታ ቃጫውን በጠሰችው።

«አዬ ከነልብሱ ነው ብላለች» አልኩ።

«አይ ልጄ። ማሰሮው እሳት አልፏል፣ ይግባ። ቅጠሉ እሳት አላለፈም።»

ከውስጥ ባሎቴ ተጣራች። ድምፅዋ የደከመ ነበር። «እማ፣ እባክሽ ይግባ። እባክሽ።»

«አንቺ አራስ ነሽ፣ ተኚ» አለች አሮጊቷ። ልብሱን እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ ከማሰሮው ላይ ሳበችው፣ አጥሩ እንጨት ላይ አጠለቀችው። ማሰሮውን አስገባች። ስትመለስ የበቆሎ ቆሎ ይዛ መጣች፤ እጄን ዘርጋ አለችኝና እጄን ሳትነካ ከላይ አፈሰሰችልኝ። ጭቃ እንዳይነካት ነው ብዬ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

ወደ አዬ ሮጥኩ። «ወደዱት! ለንጉሥ ነው አለች! አጥሩ ላይ ሰቀሉት፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲያየው!»

አዬ ከመታጠፊያው አንገቷን አውጥታ አየች። ብዙ አላየችም። ከቆሎው ሰጠኋት፣ ወስዳ በእጇ ያዘችው። ቤት እስክንደርስ ይዛው ነበር፣ አልቀመሰችውም።

ከዚያ ወዲህ ወደ ምንጭ በሌላ መንገድ እንሄድ ጀመር፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ለምን ስላት «ያኛው ያንሸራትታል» አለችኝ። ይሄኛው የባሰ ያንሸራትት ነበር። በአጥሩ ላይ የሚያወሩትም ወሬ ቀረ። እኔ ግን አንድ ነገር ይዤ ነበር። የአሮጊቷን ቃል። እስኪ አስቡት፤ እኔ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ። የእኛ እጅ የነካውን እሳት ያነጻዋል እንደሚሉ ያኔ አላውቅም፤ እሳት ያላለፈ ማለት እኛ ቤት አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ጥሬ ነው፣ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ጥሬ ማሰሮ ገዢ አይወስድም፣ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። አዬ ልብሱን ሳትጨርሰው ሰጥታ ኖሯል! ይህን ብነግራት ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። ራሴ ጨርሼ ላስደስታት አሰብኩ።

ዝናቡ ጋብ ያለ ቀን አዬና አባቴ ሸክላ ለማቃጠል ተነሱ። ማሰሮው ተደረደረ፣ እንጨትና ኩበት ተከመረበት፣ በላዩ እርጥብ ሣር ለበሰ። እኔ ወደ ባሎቴ አጥር ሄጄ ልብሱን አመጣሁት። ዝናብ ብዙ ቀን መትቶት ጠቁሯል፣ ግን አልተፈታም፤ የአዬ ቋጠሮ አይፈታም። እሳቱ ተያይዞ ወደ ፍም ሲዞር፣ አባቴ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ፣ ልብሱን በእንጨት ገፍቼ ከዳር ባሉት ማሰሮዎች መካከል አስገባሁት።

አዬ ከወዲያ በኩል ዞራ መጣች። «ምንድነው ያስገባኸው?»

«ቆይ! አሁን እንዳታይ» አልኳት። በደስታ እዘል ነበር። «እሳት ይለፍና ይገባል!»

«ምኑ?»

«የባሎቴ ልብስ! አማቷ እኮ ነገረችኝ። ማሰሮው እሳት አልፏል ይግባ፣ ቅጠሉ እሳት አላለፈም አለች። ባሎቴም ይግባ ይግባ ብላለች። አሁን እሳት ሲያልፍ ይዤው እሄዳለሁ።»

አዬ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከእሳቱ ፊት ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች፣ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። አብረን አየነው። እርጥብ ስለነበር መጀመሪያ ጨሰ፣ ያ ሽታ ወጣ፤ ከምሕረት ባልዲ ያገኘሁት ያው ሽታ። ከዚያ ልብሱ ቀይ ሆነ። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ቀይ ሆኖ ታየ። ከዚያ ነጭ ሆነ። አልፈረሰም። ጉንጉኑ እንዳለ፣ የእባቡ ጥምዝ እንዳለ፣ ቋጠሮው እንዳለ፣ ሁሉም አመድ ሆኖ ቆመ።

«አየሽ አዬ! አለፈ!» አልኩ።

እጄን ዘረጋሁ። ገና ሳልነካው የእጄ ነፋስ ብቻ ደርሶት ፈረሰ።

አባቴ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል። አዬ ሳትዞር «ባሎቴ ይግባ ብላለች አሉ» አለችው። አባቴ መቆፈሪያ ያሻከረውን እጁን ራሷ ላይ አደረገ። አባቴ አዬን ሲነካ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አዬ ከዚያ በኋላ ማሰሮ አላለበሰችም። ጊፋታ፣ አዲስ ዓመታችን፣ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አዲስ ዕቃ የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ እሷ በጭድ ጠቅጥቃ ተሸከመችው። የተሰበረው ተሰበረ። ሾላው ሥር ስንደርስ ቦዩን አያለሁ፣ ባዶ ነው። ጋሽ ወልዴ «ምነው ዘንድሮ፣ ልብሱስ?» ብለው ጠየቋት። «ኮባ ጠፋ» አለቻቸው። «ኮባ በወላይታ ጠፋ?» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ እሳቸውም ሳቃቸውን ተዉት። ወደ ውስጥ ስመለከት የእኛ ማሰሮ ከነልብሱ ከአልጋው በላይ ነበረ።

አንድ ቀን ባሎቴ ልጇን አዝላ ወደ እኛ ደጃፍ መጣች። ትልቅ ጥቅል ኮባ ተሸክማለች፤ ከመሐል የወጣ፣ የነጣ፣ ምርጥ ምርጡን። አዬ ከጎጆ ወጣች። ሁለቱ ቆሙ። አጥር አልነበረም በመካከላቸው፣ ወሬም አልነበረም።

«ወንድ ነው?» አለች አዬ።

«ሴት ናት።»

«ትደግ።»

ባሎቴ ጥቅሉን አስቀመጠች። የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ልጅቷ ስታለቅስ እያባበለቻት ሄደች። ጥቅሉን ላነሳ ስል አዬ «ተወው» አለችኝ። ተውኩት። ዝናብ መታው፣ ዶሮ ጫረው፣ እዚያው መሬት ሆነ። እልኬን ከማን እንደወረስኩት የሚጠይቀኝ ካለ ይኸው።

ይህን ሁሉ ለምሕረት አልነገርኳትም። በማግስቱ ተመልሼ ጠርዙ እንዴት እንደሚታጠፍ ብቻ አሳየኋት። ጥቁሩን ወደ ውስጥ፣ ነጩን በላዩ። እጇ ቶሎ ይይዛል። አሁን መደርደሪያዋ ላይ የለበሱ ማሰሮዎች ተደርድረዋል፤ ሰው በስልኩ ፎቶ ያነሳቸዋል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት አስተማሪ መጣች፤ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ናት። የማር ማሰሮ ገዛች። ከፈለችና ልብሱን በጣቷ ስትዳስስ ቆየች። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታች። ቀስ ብላ፣ እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ ከማሰሮው ላይ ሳበችውና ለምሕረት ዘረጋችላት።

«እኔ ብወስደው መጣሌ ነው፣ ያሳዝናል» አለች። «ይሄን ያህል ለፍተሽበት! ለሌላ ገዢ ይሁንሽ።»

ክፋት የላትም። እኔ በልጅነቴ ሁሉም እንደዚህች ልጅ ናቸው ብዬ ነበር ያመንኩት። ቦይ ውስጥ ቆሜ፣ እጄ ሙሉ ጭቃ ሆኖ።

ሳላውቀው ቆሜያለሁ። «ውሰጂው» አልኳት።

«አይ አባባ፣ በእውነት...»

«ከነልብሱ ነው! ቤትሽ ይዘሽው ግቢ!»

ድምፄ ጮኸ መሰለኝ። ምሕረት «አባባ! ደንበኛ እኮ ናት!» አለች። ልጅቷ ደነገጠች፣ ፊቴን አየች። ምን እንዳየች አላውቅም። ልብሱን ተቀብላ ማሰሮውን እንደገና አለበሰችው። ቋጠሮው አልሆንላት አለ፤ እኔ አሰርኩላት። ይቅርታም አልጠየቅኋት። በቃጫው አንጠልጥላ ባጃጅ ያዘችና ቁልቁል ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት በዚያው መንገድ ወረድኩ። አስተማሪዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር በር ድረስ፣ በምርኩዜ እየገላለጥኩ፣ ግራውን ቦይ አየሁ፣ ስመለስ ቀኙን አየሁ። የውሃ ፕላስቲክ አለ፣ የሸንኮራ ልጣጭ አለ፣ ያረጀ ጫማ አለ።

ኮባ የለም።